መስኮት ላይ የተውኳት ክኒን

ጡረታ ስወጣ ፍኖተ ሰላም ባለው ትምህርት ቤታችን ግቢ ድንኳን ተተክሎ፣ ጋቢ አልብሰውኝ፣ ርዕሰ መምህሩ ስለኔ ሩብ ሰዓት ተናገረ። «ቲቸር አስካል አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም» አለ። ውሸቱን ነው። ቡሬ በኩል ሳስተምር ስንቴ አርፍጃለሁ፤ አንዴ ወንዙ ሞልቶ፣ አንዴ መኪና ጠፍቶ፣ አንዳንዴም እንቅልፍ ጥሎኝ። «ተማሪዎቿ የሚነግሯትን ሁሉ ጆሮዋን ሰጥታ ትሰማ ነበር» ሲል ግን የጋቢውን ጫፍ ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ አጎነበስኩ። ሰው ሁሉ አለቀሰች ብሎ አጨበጨበልኝ። እኔ ግን አፍሬ ነው።

በዚያ ድንኳን ውስጥ ያልተነገረውን ነገር ነው የምጽፈው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ትንንሽ ልጆችን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛ ክፍልን አስተምሬያለሁ። ስለ ደመወዙ አትጠይቁኝ፤ መምህር ስለ ደመወዝ ማውራት ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ስለ ፎርሙና ስለ ሪፖርቱም ይቅር። አንድ ትምህርት ብቻ ላንሳ። ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ከቡሬ በእግር ሦስት ሰዓት በሚያስኬድ ገጠር ነበር። ክፍሉ የጭቃ ግድግዳ፣ መቀመጫው የባሕር ዛፍ ግንድ። ገና ከማሠልጠኛ መውጣቴ ስለሆነ በሁሉም ነገር እርግጠኛ ነበርኩ። ሰሌዳው ላይ «ጠጣር የራሱ የሆነ ቅርጽና ይዘት አለው» ብዬ ጽፌ፣ ልጆቹን በአንድ ድምፅ ሳስጮህ፣ ጋሽ ይስማው የሚባሉ አንጋፋ መምህር በሩ ላይ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ቀጭን፣ ቁጡ፣ የኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ በምናምን የተወጠረ ሰው ናቸው።

«ዜማው ያምራል» አሉኝ ልጆቹ ሲወጡ። «እስኪ አንዱን ጥሪና ቅርጽ ምንድን ነው በይው።»

ጠራሁና ጠየቅሁት። ልጁ ትንሽ አሰበና «እግዜር ያውቃል» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሳቸው ተማሪ ሆንኩ። ጋሽ ይስማው ልጅ በእጁ ሳይዘው አንድም ቃል ሰሌዳ ላይ አይጽፉም። «ነገ አንድ አንድ ጠጣር ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ» ይላሉ። ድንጋይ ይመጣል፣ ቀንድ ይመጣል፣ የተሰበረ ማጭድ ይመጣል። ልጁ በእጁ ይዞ ይናገራል። አንድ ቀን አንዲት ልጅ በመሀረብ ጤፍ ቋጥራ መጣችና «ይኼ ይፈሳል፤ ፈሳሽ ነው?» ብላ ጠየቀች። እኔ ብሆን ኖሮ ደንግጬ «አይደለም፣ ቁጭ በይ» እል ነበር። እሳቸው ጤፉን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱት፤ ተከመረ። ውሃም አፈሰሱ፤ ሄደ። «ውሃ ሲከመር ያየ አለ?» አሉ። ከዚያ አንዲት የጤፍ ፍሬ በጥፍራቸው ቆንጥረው ለልጅቷ ሰጧት። «እስኪ እሷን ብቻዋን አፍስሻት» አሏት። በቃ፣ ትምህርቱ አለቀ።

ጋዝ ሲደርስማ ደግሞ ጉድ ነው። ፌስታል በትንፋሻቸው ነፍተው ያስሩና ልጁን ያስቀምጡበታል።

«ምን ላይ ነው የተቀመጥከው?»

«ምንም ላይ።»

«ታዲያ ምንም የሚባለው ነገር ቂጥህን ከመሬት ያነሳል?»

ክፍሉ በሳቅ ይሞታል። ደረቅ ወረቀት ብርጭቆ ውስጥ ወትፈው፣ ብርጭቆውን ገልብጠው ውሃ ውስጥ ይደፍቁታል፤ ሲያወጡት ወረቀቱ ደረቅ ነው። «ውሃውን እንዳይገባ የከለከለው ማነው?» ይላሉ። መልሱን እስኪያገኙት ድረስ አይነግሯቸውም፤ ሦስት ቀን ቢፈጅ ሦስት ቀን ይጠብቃሉ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ልጁ ዕቃ ሲያመጣ ሦስት ነገር ይጠይቁታል። ማን ሰጠህ? ምን ታደርጉበታላችሁ? የት ነው የምታስቀምጡት? ከትምህርት በኋላ ደግሞ ዱላቸውን ይዘው ከልጆቹ የአንዱ ቤት ይሄዳሉ። «ዕቃውን ካየሁ ቤቱንም ማየት አለብኝ» ይሉኝ ነበር። መምህራኑ «ጠላ ፍለጋ ነው» እያልን እናማቸዋለን። እኔ ዕቃ የማስመጣቱን ልማዳቸውን ወሰድኩ። ጥያቄዎቹንና ቤት ለቤት መሄዱን ተውኩት። በዚያ ጭቃ ማን ቤት ለቤት ይዞራል? እውነቱን ስናገር፣ ስንፍና ነው።

ከዓመታት በኋላ ጋሽ ይስማው ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ ቦታቸው ደምበጫ አካባቢ ገቡ፤ እኔም ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ግማሽ ሰዓት ገባ ብሎ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። የሆነው ሁሉ የሆነው እዚያ ነው።

ግንቦት መጨረሻ ነበር። ዝናቡ ቀደም ብሎ ገብቷል። የደረጃ እድገቴ ሁለት ዓመት ተጓትቶ፣ አሁን አንድ ሱፐርቫይዘር መጥቶ ሳስተምር አይቶ ነጥብ ሊሰጠኝ ነው። ሰውዬው ገና ሲገባ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ፣ ዕቅድሽ ላይ አምስት ደቂቃ ካልሽ አምስት ደቂቃ የሚፈልግ ሰው ነው። ማክሰኞ ጠዋት መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ እስክሪብቶውን ከፈተ።  ልጆቹ ጠጣራቸውን ይዘው መጥተዋል። ድንጋይ፣ ሚስማር፣ ሳሙና፣ ሻማ፣ ቁልፍ።

ትርንጎ ተራዋ ደረሰ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ድምጿ ቀጭን፣ ወሬ ስትጀምር ከሩቅ የምትጀምር። የተቋጠረች ላስቲክ ፈታች። ከሸሚዝ ቁልፍ ትንሽ የምትበልጥ፣ ግራጫ፣ ክብ ነገር ናት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ክኒን ነው ቲቸር። የነቀዝ ነው።»

አወቅሁት። በኛ አገር በቆሎ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ገበያ ላይ በፍሬ ይሸጣል፤ ማሸጊያ የለው፣ ጽሑፍ የለው። ሰው ከዋጠው እንደሚገድል ሰምቻለሁ። ከዚያ ሌላ የማውቀው የለም።

«አልቀመስሽውም አይደል?»

«ኧረ አልቀመስኩም!»

«ስትወጪ እጅሽን ትታጠቢያለሽ። በይ ንገሪን፣ ጠጣር ነው ፈሳሽ?»

«ጠጣር።»

«ለምን?»

«ቅርጹን አይቀይርም።»

«ጎበዝ! አጨብጭቡላት!»

ተጨበጨበ። ትርንጎ ግን አልተቀመጠችም።

«ቲቸር፣ እናቴ ዛሬ ማታ እበቆሎው ልትከተው ነው። አራት ቀርቷል። በቆሎው ደግሞ እኛ እም…»

ሱፐርቫይዘሩ ሰዓቱን አየ።

«በኋላ ትርንጎዬ። ተቀመጪ።»

«እምንተኛበት…»

«ተቀመጪ አልኩ!»

ተቀመጠች። እኔም ክኒኗን ልጆች እንዳይነኳት ብዬ የመስኮቱ የውጭ ደፍ ላይ አኑሬ፣ መስኮቱን ዘግቼ ትምህርቴን ቀጠልኩ። ጨው ውሃ ውስጥ ጠፋ፣ ድንጋዩ አልጠፋም፣ ልጆቹ ተንጫጩ፣ ደወሉ ዕቅዴ ባለቀበት ደቂቃ ተደወለ። ሱፐርቫይዘሩ ሰዓቱን እያሰረ «እጅግ በጣም ጥሩ» አለኝ። ደስታዬን አልደብቅም፤ ለመምህራኑ ለስላሳ ጋበዝኩ። ትርንጎ ልጆቹ ሲለቀቁ የመምህራን ቢሮ በር ላይ ቆማ ነበር። አይቻታለሁ። ለስላሳዬን ልጨርስ ብዬ ዘወር ስል ዝናቡ ወረደና ልጆቹ ሁሉ ወደየቤታቸው ሮጡ።

ረቡዕ ትርንጎ ቀረች። ሥራ ይዘዋት ይሆናል አልኩ። ሐሙስም ቀረች።

ሐሙስ ጠዋት መስኮቱን ስከፍት አንድ የሚከረፋ ነገር መጣብኝ። ነጭ ሽንኩርት ነው የሚሸተው፣ ግን የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት። ወደ ደፉ አየሁ። ክኒኗ የለችም። በቦታዋ አመድ የመሰለ ዱቄት ተከምሯል።  ሃምሳ ልጅ ከኋላዬ ይንጫጫል፤ እኔ ዱቄቱን አያለሁ። ቅርጹን አይቀይርም አለች፤ እኔም አስጨበጨብኩላት። ታዲያ ጠጣሩ የት ሄደ? ማንም አልነካው፤ የጣራው ክፈፍ ስለከለለው ዝናብም አልወሰደው። የሄደው ወደሚሸተኝ ነገር ውስጥ ነው። ይኼንን ትምህርት አሥራ ስንት ዓመት ሳስተምር ኖሬ ያን ጠዋት ነው የገባኝ።

ከአጥራችን ቀጥሎ ያለው የግብርና ሠራተኛ ቢሮ ሮጥኩ። ነገርኩት። ወጣቱ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ።

«ማን ነው ያመጣው? የት ነው የከተቱት?»

«በቆሎ ውስጥ።»

«በቆሎውሳ? የት ነው ያለው?»

«እንጃ» አልኩ። አፌን ሳልዘጋ ያቺ ግማሽ ቃል ጆሮዬ ላይ መጣች። እምንተኛበት።

«ወይኔ» አልኩ። «የሚተኙበት ቤት ነው።»

«ቲቸር፣ እሱ እኮ ጋዝ ሆኖ ነው ነቀዙን የሚገድለው! ሰው ባለበት ቤት ይፈጃል!» ኔትወርክ ከጠፋ ሳምንት ሆኖታል። እሱ አምቡላንስ ሊጠራ በሞተሩ ወደ ቡሬ በረረ፤ እኔ ክፍሌን ለጎረቤት መምህር ትቼ ወደ ትርንጎ ቤት ሮጥኩ።

መንገዱ የታረሰ ማሳ ነው፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። አንዱ ጫማዬ ቀረ፤ ሁለተኛውን ራሴ አውልቄ ጣልኩት። ማርያምን እየጠራሁ፣ በመሀሉ ደግሞ ራሴን እየሰደብኩ ነው የሮጥኩት። አንድ ደቂቃ እኮ ነው! አንድ ደቂቃ ብሰማት ሱፐርቫይዘሩ ምን ይለኝ ነበር?

ስደርስ የቤቱ በር ተዘግቷል። መስኮቷ በጨርቅ ተወትፋለች። ደጃፉ ላይ የትርንጎ አክስት አንጓችና የነፍስ አባታቸው ቄሱ ተቀምጠዋል።

«ቲቸር፣ አይገቡም» አለች አንጓች ተነስታ። «ምች ነው የመታቸው። ከትናንት ጎህ ጀምሮ ሦስቱም ያስመልሳቸዋል። ንፋስ አይነካቸውም።»

አልፈርድባትም። በኛ አገር ምች የመታው ሰው ይሸፈናል፣ በር ይዘጋበታል፣ ከንፋስና ከሰው ዓይን ይጠበቃል። እናቴም እኔን እንደዚያ ነው ያሳደገችኝ። አንጓች ያወቀችውን ሁሉ አድርጋለች፤ ፌጦ ፈጭታ አጠጥታ፣ ጋቢ ደርባ፣ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍና።

«አንጓች፣ በሩን ክፈቺው። ምች አይደለም። ቤቱ ውስጥ መርዝ አለ።»

«መርዝ?» ዓይኗ ፈጠጠ። «ማን መርዝ አበላቸው ሊሉ ነው? የሚያበላቸው እኔ ነኝ! እኔን ነው?»

«አንቺን አላልኩም! የማይታይ ነው፣ አየሩ ውስጥ ነው!»

«አየሩ ውስጥ!» ብላ በሩ ላይ ጀርባዋን ለጠፈች። ገፋኋት። ገፋችኝ፤ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ጊዜ በፌስታልና በብርጭቆ ያስረዳሁትን ነገር አሁን ቃል አጣሁለት። ቄሱ መካከላችን ገቡ።

«ልጄ፣ ተረጋጊ። ምን ሆነሽ ነው?»

ያኔ በበሩ ስንጥቅ ያ ሽታ ደረሰኝ።

«አንጓች፣ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠሽላቸዋል?»

«ፌጦ ነው የሰጠኋቸው አልኩ እኮ።»

«ነጭ ሽንኩርትሳ?»

«ከየት አምጥቼ? ቤቱ ውስጥ አንድ ራስ የለም።»

«አባ፣ እስኪ ወደ ስንጥቁ ጠጋ ይበሉ። ምን ይሸትዎታል?»

ቄሱ ጎንበስ አሉ። ሲቀኑ አየኋቸው፤ ፊታቸው ተለውጧል።

«ነጭ ሽንኩርት» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ አንጓች ዞሩ። «ክፈቺው።»

«አባ፣ ንፋሱ…»

«በእመቤቴ ክፈቺው!»

ተከፈተ። ውስጡ ጨለማ ነው። የበቆሎው ማዳበሪያ፣ ሌባ እንዳይወስደው አይጥም እንዳይበላው ተብሎ፣ ከመደቡ ራስጌ እስከ ግርጌ ተደርድሯል። ትርንጎ ወደ በሩ ጫፍ ናት፤ ትተነፍሳለች። አቀፍኳትና ወጣሁ። ቄሱና አንጓች እናቲቱን ውዴን ጎትተው አወጡ፤ ዓይኗ ይንከራተታል፣ አፏ ቃል አይወጣውም። ሦስተኛዋ ሙሉ ናት፤ የሦስት ዓመት ልጅ፣ የትርንጎ ታናሽ። በእናቷና በማዳበሪያው መሀል ነበረች። ተመልሼ ገብቼ ሳነሳት እጇ ዘንበል አለ። አወቅሁ። ለአንጓች ግን አልነገርኳትም፤ በፀሐዩ ላይ አስተኝቼ ጉንጯን መታ መታ አደረግሁ። አንጓች አየችኝና ጮኸች። ያን ጩኸት አሁንም ድረስ እሰማዋለሁ።

አምቡላንሱ መጥቶ ውዴንና ትርንጎን ወሰዳቸው። ቡሬ ቆይተው ወደ ፍኖተ ሰላም ተላኩ፤ ዳኑ። ሙሉ በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀበረች። እናቷ አልነበረችም።

ከዚያ በኋላ ስሜ ገነነ። «ሁለት ነፍስ ያወጣች መምህርት» ተባልኩ። ቀበሌው የምስክር ወረቀት ሰጠኝ። የደረጃ እድገቴም መጣ፤ ፈረምኩ፤ ምን አባቴ ላድርግ? ክኒኑን ማን እንዳመጣው የጠየቀኝ ሰው ነበር፤ «ተማሪዋ አምጥታ አየሁት፣ ምን እንደሚያደርግ ግን አላወቅሁም» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ እውነቱም አይደለም። አፏን እንዳዘጋኋት አልተናገርኩም። ትርንጎ መስከረም ላይ ተመልሳ ትምህርት ጀመረች። ያንኑ ወንበሯን ያዘች። አንድም ቀን አላነሳችውም። ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

የማስተማር ልማዴን ቀየርኩ። ሦስቱን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ ያለፍኩት ልጅ የለም። በኋላ ፍኖተ ሰላም ስዛወርም ጭምር፣ ጉልበቴ እስኪከዳኝ ቤት ለቤት ዞርኩ፤ ወጣቶቹ መምህራን «ቲቸር አስካል ፖሊስ መሆን አምሯት ነው» ብለው ሳቁብኝ። ቄሱም ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን እያስቆሙ ስለ ክኒኑ ያስነግሩኝ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሲከፈት በከረመበት ሰሞን እንኳ፣ ወላጅ ባገኘሁበት መንገድ ላይ በቆሏችሁ የት ነው እያልኩ እጠይቅ ነበር። ግን ይኼ ሁሉ ዕዳዬን አላቀለለልኝም።

አንድ ዓመት ፋሲካ ሳምንት ደምበጫ ሄጄ ለጋሽ ይስማው ነገርኳቸው። አርጅተዋል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«እናቷ ታውቃለች?» አሉኝ።

«አታውቅም።»

«ታዲያ ለኔ መንገርሽ ምን ይሠራልሻል?»

ተቆጣሁ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ ወጣሁ። ያ የመጨረሻ መተያየታችን ሆነ። ልክ ስለነበሩ ነው የተናደድኩት።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር በባጃጅ ከአስፋልቱ ወርጄ፣ ያንን ማሳ ቀስ ብዬ ተሻግሬ ውዴ ቤት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍላለች። ትርንጎ አድጋለች፤ ሊበን ከተማ ተድራ ሁለት ወልዳለች አለችኝ። ጉንጬን ስማ፣ እግዜር ይመስገን ደህና ነዎት ወይ ብላ፣ አጠገቧ ጆንያ አነጠፈችልኝ። እኔም እጄ ሥራ እንዳይፈታ አንድ ራስ በቆሎ አንስቼ መፈልፈል ጀመርኩ።

«ውዴ፣ አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ» አልኳት። «ትርንጎ ያኔ ነግራኝ ነበር። እምትተኙበት ቤት ልትከቺው እንደሆነ ልትነግረኝ ስትል ተቀመጪ አልኳት። ብሰማት ኖሮ ሙሉ…»

 ውዴ ቀና አላለችም፤ በቆሎው ከእጇ ላይ ይረግፋል።

«አውቃለሁ ቲቸር።»

«ትርንጎ ነገረችሽ?»

«ያኔውኑ ነው የነገረችኝ። ማክሰኞ ማታ።»

«ምነው ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ዝም አልሽኝ?»

«ምን ልበልዎ? ትርንጎን ከዚያ ቤት አቅፈው ያወጧት አንቱ ነዎት።» እጇን አቆመች። «ክኒኑን ስፈታ አንዱ ጎደለብኝ። የት አደረግሽው ስላት ለቲቸር አሳየኋቸው አለችኝ። እኔ ሰው ይጎዳል ሲሉ ሰምቼ ሆዴ ፈርቶ፣ ልጆቹን አንጓች ቤት ልውሰዳቸው እያልኩ ነበር። ቲቸርሽ አይተው ምን አሉ አልኳት። ጎበዝ አሉኝ፣ አስጨበጨቡልኝ አለች። የተማረ ሰው አይቶት እንዲህ ካለማ ምን ክፋት አለው ብዬ፣ ሙሉን ከማዳበሪያው ጥግ፣ እሚሞቀው በኩል አስተኛኋት።»

 በቆሎው እስኪያልቅ አብሬያት ፈለፈልኩ።